አንድ ጣት ውሃ

የሰደበኝ ሰው አለቃዬ ነው፤ ናሁሰናይ ይባላል። ቀኑ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል። ቦታው ጅጅጋ፣ ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል። ሰባት ሰው ተቀምጧል። እኔ ወንበር ጎደለ ተብሎ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«ሊባን» አለኝ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ቀስሮ፣ «አንተ መኪናህን ንዳ፣ ግመልህን ቁጠር። የኩባንያ ዋጋ ማስተርስ ላለው ሰው ተው።»

ሳቁ። የሰው ሳቅ እኔን አይገድለኝም፤ ከብት ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ቆዳው ወፍራም ነው። ነገር ግን ከሳቁት አንዷ ዒፍራህ ነበረች። ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ አጭር ሳቅ ሳቀች። የሌሎቹ ሳቅ በመስኮት ወጣ። የሷ እኔ ጋ ቀረ፣ ከጎድኔ ሥር።

የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም፤ እናቴ «ዝናብ የዘገየ ዓመት ነው» ከማለት አታልፍም። የተሰደብኩበትን ቀን ግን እስከነሰዓቱ አውቀዋለሁ።

ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው? ሊገዙት ያሰቡትን የከብት ማድለቢያ አይቼ፣ «ጉድጓዱ በበጋ ይደርቃል፣ አትግዙት» ነው ያልኩት። ገዙት። የካቲት ላይ ደረቀ። በሬዎቹ ቦቴ ውሃ እየጠበቁ ከሱ። «ሊባን ተናግሮ ነበር» ያለ አንድ ሰው የለም። አንድ!

መሥሪያ ቤታችን የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ፣ ተስፋ ኖሯቸው አቅም ያነሳቸው ድርጅቶች ውስጥ ድርሻ ይገዛል። አምስት ስድስት ዓመት አብሯቸው ቆይቶ፣ አሳድጎ፣ ድርሻውን ሸጦ ይወጣል። ፕራይቬት ኢኩቲ ይሉታል። እኛ «ፈንዱ» ነው የምንለው። ለእናቴ «የከሳ ግመል ገዝቶ፣ አወፍሮ መሸጥ ማለት ነው» ብዬ ባስረዳት፣ «ታዲያ ለዚህ ማስተርስ ምን ያደርግላችኋል?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አባቴ ሞተ፣ ፈተናው አለፈኝ፣ ገበያ ገብቼ የግመል ደላላ ሆንኩ። ፈንዱ በ2011 ጅጅጋ ቢሮ ሲከፍት በሹፌርነት ቀጠረኝ። ቀስ እያልኩ አስተርጓሚ፣ ቀስ እያልኩ መንገድ መሪ ሆንኩ። በኋላ «የመስክ አስተባባሪ» የሚል ስም ሰጡኝ፤ ወንበር ግን አልሰጡኝም። አለቆቼ ስብሰባ ሲገቡ መኪና ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። የተማርኩት እዚያ ነው። የጣሉትን ወረቀት እየለቀምኩ፣ ያልገባኝን ቃል በስልኬ እየፈለግኩ፣ እነሱ የገዙትን ድርጅት እኔ ስንት እገዛው እንደነበር በልቤ እየገመትኩ። ሰው ናይሮቢ ሄዶ ይማራል፤ የእኔ ዩኒቨርሲቲ የላንድክሩዘር የፊት ወንበር ነበር። ምረቃ ብቻ ነው የሌለው።

* * *

ዒፍራህ መጀመሪያ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። «አቦወ ሊባን» ትለኛለች። አቦወ በሶማሊኛ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። አክብሮት ነው፤ በርም ነው፣ ከዚህ አትለፍ የሚል።

የሐጂ ኢሴ ልጅ ናት። ጅጅጋ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሐጂ ኢሴን ያውቃል፤ ብረቱም ሲሚንቶውም ከሳቸው ነው። ልጃቸው አዲስ አበባ ተምራ፣ ናይሮቢ ማስተርሷን ይዛ መጣች። እኔ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ከሰላምታ በቀር አላናግራትም ነበር። ፊቷን እንዳላይ የመኪናውን የኋላ ማሳያ መስታወት እንኳ ወደ ላይ አዞርኩት።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከአውበሬ ስንመለስ የግመል መንጋ መንገድ ዘጋብን። ሞተር አጥፍቼ ቆምኩ።

«ያማሩ ናቸው» አለች ከኋላ።

ዝም ልል ነበር፤ አፌ ቀደመኝ። «አላማሩም። ሻኛቸው አጋድሏል። ግልገሎቹንም እያቸው፤ ይጠባሉ፣ ይተዋሉ፣ ይጠባሉ፣ ይተዋሉ። ወተት የለም። ውሃ ርቋቸዋል ማለት ነው። እነዚህን ዛሬ የሚገዛ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ የራሱ ጉድጓድ አለው።»

ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች። ተቆጣች ብዬ ሳስብ ዞራ መጥታ የፊቱን በር ከፈተችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከኋላ ሆኜ ምንም አይታየኝም» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ተለዋወጥን። እሷ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ኤክሴል ታሳየኛለች፤ እኔ ከብት ማየት አሳያታለሁ። «ይቺን አንዷን ሣጥን ስትነካ ሌሎቹ ሁሉ ይናወጣሉ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ልክ እንደ ዘመድ» አልኳት። ሳቀች። ይሄኛው ሳቅ አፏን ያልሸፈነችበት ነበር። መስታወቱን ያን ቀን ወደ ቦታው መለስኩት።

ሐርተሼክ መንገድ ላይ፣ ነፋስ አቧራ ባነሳበት አንድ ቀትር፣ «ሊባን፣ ውሃ አለህ?» አለችኝ። አቦወ የለውም። ሊባን ብቻ። ሁለታችንም ሰማነው፤ ሁለታችንም እንዳልሰማ ሆንን። ጠርሙሱን ሰጠኋት። ጣቷ ጣቴን አልነካም። ግን እንዳንነካካ የተጠነቀቅነው ጥንቃቄ፣ ወላሂ፣ ከመንካት ይብስ ነበር።

ከዓመት በላይ እንዲህ ሄድን። ከዚያ አንድ ቀን መስኮቱን እያየች ነገረችኝ።

«ስምህ ቤታችን ተነሣ።»

«ማን አነሣው?»

«እናቴ። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።»

በእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ ነው ተብሎ ነው። ሐጂ ኢሴ ግን ዘመናዊ ሰው ናቸው፤ «ስንተኛ ክፍል ነው?» ነው ያሉት።

«ምን አልሻቸው?»

«ኃላፊ ሊሆን ነው አልኩት።»

ቢሯችን ውስጥ የምሥራቅ ኢንቨስትመንት ኃላፊነት ቦታ ክፍት ነበር። ማስታወቂያው ማስተርስ ይጠይቃል። ወንበሩ በማንም ስም ይሁን፣ ሥራውን ሲሠራ የነበረው ግን እኔ ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ሐጂ ኢሴ ቤት ይገባል። ካልተቀመጥኩ በሩን አያንኳኳም። ነገሩ ይሄው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ያን ቀን መሪውን ይዤ፣ ሕይወቴን በሙሉ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው ጅጅጋ የገባሁት።

* * *

ሐርተሼክ ውስጥ የግመል ወተት የሚሰበስቡ አንዲት ሴት አሉ፤ ኤዶ ዐዎ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው ነው እንዲህ የሚጠራቸው። በሁለት ጀሪካን የጀመሩ ሴትዮ ዛሬ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሦስት መኪኖች አሏቸው። ፈንዱ ድርሻ ሊገዛ ፈለገ። ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚያ አካባቢ ስንት ግመል አለ? ወተቱ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ናሁሰናይ መጠይቅ አዘጋጀ። ልጆች አሰማርቶ በየሰፈሩ «ስንት ግመል አላችሁ?» ብሎ አስጠየቀ። ተደመረ፣ ስድስት መቶ ሆነ። «ለዚህማ አንለፋም» አለና ፋይሉን ሊዘጋ ተነሣ።

ስድስት መቶ! መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ግመሉን ቆጥሮ ለእንግዳ የሚናገር አርብቶ አደር የት ታይቶ? ቁጥር ዓይን ይጠራል። ከጠየቅከው ወይ ግማሹን ይነግርሃል፣ ወይ «አላህ ያውቃል» ብሎ ሻይ ይጋብዝሃል።

ለዒፍራህ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። «እኔ የሶማሌ ልጅ ሆኜ ይሄን አላውቅም?» አለች።

«የሲሚንቶ ልጅ ነሽ።»

«ሂድ ወዲያ! ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«ሰውዬውን አትጠይቂው። ውሃውን ጠይቂው።»

ቢርካ አለ፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ። በጥር ሣሩ ሲደርቅ ግመል በስምንት በአሥር ቀኑ ወደ ቢርካ ይመጣል፤ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚጠጣ ደግሞ ደላላ የነበረ ሰው ያውቃል። ጠዋት ውሃው የት እንደነበር፣ ማታ የት እንደወረደ በገመድ ከለካህ፣ ለፍየሉና ለሰዉ ቀንሰህ የቀረው ግመል ነው። በአንዱ መካከለኛ ቢርካ፣ አንድ ጣት ውሃ ከወረደ አሥራ ስድስት ግመል ጠጥቷል።

ጥር 2016 ላይ ሃያ ሦስት ቀን ለካን። እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው በኩል፣ ገመዱ መሀላችን ተወጥሮ ውሃው ላይ ያርፋል። ስትስበው እጄ ያውቀዋል። ስስበው እጇ ያውቀዋል። አንዴ ሁለታችንም መሳብ ትተን ዝም ብለን ይዘነው ቆመን ነበር፤ ኤዶ ዐዎ ከመኪናቸው ላይ «ውሃው አለቀ እንዴ?» ብለው እስኪጮሁብን።

አንድ ሺህ ሦስት መቶ ወጣ።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አለችኝ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«ውሃ ያጣ ሰው ውሃ መቁጠር ይማራል።»

«ያንተ ነው። በስምህ ነው የሚጻፈው። ቃሌ ነው።»

አመንኳት። እንደዚያ ቀን ሰው አምኜ አላውቅም።

* * *

ሰኞ፣ መጋቢት 23 ቀን። ሪፖርቱ ተጠርዞ የመኪናው ወንበር ላይ ተረስቶ አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ፤ ናሁሰናይና ዒፍራህ። ገለጥኩ። ገመዱ አለ፣ ጣቱ አለ፣ አሥራ ስድስቱ ግመል አለ። ገጽ አሥራ አራት ላይ «በአካባቢው ሰው እርዳታ» ይላል።

የአካባቢው ሰው እኔ ነኝ።

ዒፍራህ ከደረጃው እየሮጠች ወረደች። እጄ ላይ ያለውን አየች። «ሊባን፣ ስማኝ...»

«ወይዘሪት ዒፍራህ፣ ዛሬ ወዴት ነው የምንሄደው?»

እንዲህ ነው ያልኳት። በእርጋታ። ከገበያ የተማርኩት ነው፤ ሰውን መቁረጥ ስትፈልግ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። አየችኝ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ሁለት ዓመት ከፊት ተቀምጣ፣ ያን ቀን ከኋላ። እኔም መስታወቱን ወደ ላይ አዞርኩት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከፀሐይ መከለያው ሥር ፖስታ ተሸጉጦ አገኘሁ። ስሜ በእጇ ጽሕፈት ተጽፎበታል። አልከፈትኩትም። አልጣልኩትምም። የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የምን ይቅርታ ነው? ወረቀት ላይ ያጠፋችውን ስም በሌላ ወረቀት ልትመልስ? እያልኩ ቀኑን ስቆጥር፣ አርባ አንድ ሆነ። ሌሊትና ቀን ከልቤ ጋር ይፋተጋል፤ አልከፍተውም፣ አልተወውም። ቂም እንዲህ ነው፤ ሲያሳክክህ ይጥምሃል።

* * *

ግንቦት አጋማሽ ላይ ለሌላ ጉዳይ ሐርተሼክ ሄድኩ። ኤዶ ዐዎ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጀሪካን ያሸታሉ። ወተት የሚቀበሉት በአፍንጫቸው ነው፤ የተበላሸውን ሳይቀምሱ ይመልሳሉ።

«ኪስህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ወረቀት ነው፣ ኤዶ።»

«ወረቀት እንደሆነማ አያለሁ። ባለፈው ስትመጣም ነበር። ከዚያ በፊትም ነበር። የሴት ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«የወንድ ቢሆን ወይ ታነበው ነበር ወይ ትቀደው ነበር። አምጣ፣ አንብብልኝ።»

«ኤዶ፣ እባክዎ...»

«እኔ ማንበብ አልችልም። አላህ ማንበብ ቢሰጠኝ እንዳንተ ኪሴ ውስጥ አላሳድረውም ነበር። አንብብ!»

ጀሪካን የያዙት ሴቶች ራቅ አሉ፤ ግን ያን ያህልም አልራቁ። ቀደድኩት። በአማርኛ ነው የጻፈችው፤ የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ ይሁን፣ በሶማሊኛ መጻፉ አሳፍሯት ይሁን አላውቅም። እኔ በሶማሊኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ሊባን፣

ከኋላ ተቀምጬ ማጅራትህን እያየሁ አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ማጅራት ጆሮ የለውም፤ ስለዚህ ልጻፍልህ።

ስምህን ጽፌው ነበር። ከስሜ በላይ፣ መጀመሪያ። ናሁሰናይ ነው ያወጣው። ‹አሥረኛ ክፍል የለካውን ውሃ አዲስ አበባ ያሉት አለቆች አያምኑትም› አለኝ። ተከራከርኩት፣ አልሆነም። ማስረጃዬን ይዤ ለአዲስ አበባዎቹ ራሴ ጻፍኩ። ገመዱ የማን እንደሆነ፣ ጣቱ የማን እንደሆነ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው፤ ቢያባርሩኝም ይሁን።

ሌላም አለ። ያኔ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሳቅኩብህ። አንድም ቀን አንሥተህብኝ አታውቅም፤ ግን መስታወቱን ወደ ላይ እንዳዞርከው አይቻለሁ። አልክድም፣ ሳቅኩ። ከወንዶች መሀል አንዲት ሴት ነበርኩ፣ ሦስት ሳምንቴ ነበር፣ ፈራሁ። የፈራ ሰው ከሳቀ ጋር ይስቃል። ያንን ሳቅ መልሼ ብውጠው እያልኩ ነው የምኖረው።

ከድሬዳዋ አንድ ሐኪም ሽማግሌ ልኳል። ጉሌድ ይባላል። አባቴ ለዐረፋ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። ጉሌድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ነው የከፋኝ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ናና አንድ ቃል ተናገረኝ። ስድብም ይሁን።

ዒፍራህ»

አንብቤ ጨረስኩ። ኤዶ ዐዎ በሻሻቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ በዚያ ወተት በሚፈርደው አፍንጫ።

«ከሰጠችህ ስንት ቀን ሆነው?»

«አርባ አንድ።»

«አርባ አንድ ቀን!» ተነሡ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። «ግመል እንኳ በአሥር ቀኑ ውሃ ይቀርባል! ሂድ ከፊቴ። ሂድ፣ ሂድ!»

ከሐርተሼክ ጅጅጋ ድረስ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ላይ መስታወቱን ወደ ቦታው መለስኩት። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፤ ያም ሆኖ እሷ እዚያ ተቀምጣ ማጅራቴን ስታይ ታየችኝ፣ አፈርኩም።

* * *

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ናሁሰናይና ዒፍራህ ብቻ ነበሩ። እሷ ስታየኝ ብድግ አለች፤ ከዚያ ለምን እንደተነሣች እንደጠፋባት ሰው ቆማ ቀረች።

«አነበብኩት» አልኳት። «ዛሬ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ዛሬ» አለች ቀስ ብላ። ሌላ አልጨመረችም፤ አርባ አንዱ ቀን ግን ፊቷ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ አየሁት።

«እንኳን መጣህ፣ ልደውልልህ ነበር» አለ ናሁሰናይ። ወንበር ሳበልኝ። ልብ በሉ፣ ወንበር! «ተቀመጥ፣ ሊባን።»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ እንዳሰብኩት አልነበረም፤ አንዱ እግሩ ይነቃነቃል።

«የአዲስ አበባዎቹ መልስ መጥቷል። የኤዶ ዐዎ ድርሻ ግዢ ጸድቋል። ደግሞ ‹ውሃውን የለካው ሰው ምሥራቁን ይምራ› ብለዋል። ዒፍራህ ከጀርባዬ እንደጻፈች አውቄያለሁ፤ ተቀይሜ ነበር፣ አልዋሽህም። አሁን ግን ትቼዋለሁ።» አንድ ቅጽ ወደ እኔ ገፋ። «ይሄ ብቻ ነው የቀረን።»

ስሜ ተሞልቷል። ኃላፊነቱ ተሞልቷል። አንዲት ሣጥን ባዶ ናት፤ የትምህርት ደረጃ፣ ሁለተኛ ዲግሪ።

«እዚህች ላይ ኤም.ቢ.ኤ. ብለህ ጻፍ። ወረቀቱን የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፣ በሳምንት ይደርሳል። ማንም አያጣራም።»

«ባልጽፍስ?»

«ቅጹ አያልፍም። እነሱ ‹ይምራ› ይላሉ፤ መስፈርቱን ግን አልቀየሩትም።» ግንባሩን አሻሸ። የደከመ ሰው መሰለኝ፤ ያንን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። «ሊባን፣ እኔ ይሄን ዓለም ያወጣሁት አይደለሁም። እኔም ያለ ወረቀት በር የከፈተልኝ የለም። ሥራውን ታውቀዋለህ። ሁሉም ያውቃል። አንድ መስመር ናት።»

እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ያኔ የቀሰረብኝ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ እኔ ግን ያው ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ዒፍራህን አየኋት። አትጻፍ እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት። በዚያች ደቂቃ ከዚህ ዓለም የፈለግኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ራሷን እንድትነቀንቅልኝ።

ጠጋ አለች። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

«ጻፈው» አለች።

ሰማኋት። እንዳልሰማ ሆኜ ቅጹን አየሁ።

«ሊባን፣ ጻፈው። አባቴ የሚያየው ወረቀት ነው። አንተ ማን እንደሆንክ እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ካወቅኩ አይበቃም? ለዐረፋ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሦስት ሳምንት!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ ገመዱን ይዤዋለሁ። አንተም ያዘው።»

ልቤ ውስጥ ሁለት ሰው ተነሣ። አንዱ ጻፍና ውሰዳት ይላል። ሌላው ያንን ሳቅ ያስታውሳል። ዓይኗን አየሁ፤ እንባ ሞልቶታል፣ ከእንባው ሥር ያለውን ደግሞ አወቅኩት። ፍርሃት ነው። ያ ሳቅና ይሄ ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ክፋት አልነበረባትም፤ ያኔም፣ አሁንም። ስለምትወደኝ ነው ሌላ ሰው እንድሆን የምትለምነኝ። ልጠላት ፈለግኩ። በቂም ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ሰው፣ በዚያ ሰዓት አንዲት ቂም ከራሴ አጣሁ።

እስክሪብቶውን ይዤ ሣጥኗ ላይ ጎንበስ አልኩ። ዒፍራህ ትንፋሿን ያዘች። ናሁሰናይ ፈገግ አለ። ፊደሌ አያምርም፤ ጊዜ ወስጄ አሳምሬ ጻፍኩ፦

አሥረኛ ክፍል።

ቅጹን አዞርኩላቸው። እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስተኛሁት።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለ ናሁሰናይ። «ይሄ እኮ አያልፍም! ኩራት ምሳ አይሆንም፣ አንተ ሰው። ነገ ቦታውን ለማንም አሳልፈው ይሰጡታል፣ አንተ ያንን ሰው በመኪና ስታመላልስ ትኖራለህ። ይሄ ነው የምትፈልገው? እያናገርኩህ እኮ ነው!»

ተነሣሁ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለስኩት። ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ከጥቅምት 16 ጀምሮ ስስለው ኖሬያለሁ፤ ስለታሙ አንድ፣ መርዛሙ አንድ፣ ሰው ፊት የሚባለው አንድ። አሁን ጊዜው ደርሶ ስፈልጋቸው አንዳቸውም የሉም። ቦታውን ጥለው ሄደዋል።

በሩ አጠገብ፣ ያኔ ወንበር ጎደለ ተብዬ የቆምኩባት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ከኋላዬ ድምፅዋ መጣ።

«ለአባቴ ምን ልበለው?»

ጩኸት አልነበረም። የምር ጥያቄ ነበር፤ መንገድ የጠፋው ሰው እንደሚጠይቀው። ለሷ የሚሆን መልስ ነበረኝ። «አሥረኛ ክፍል ነው በዪው» የሚል፤ ከወጣ ግን ከነእንባው ነው የሚወጣው፣ ናሁሰናይ ደግሞ እዚያ ነበር።

«ሊባን!»

አቦወ የለውም። ስሜን ብቻ፣ እንደ ሐርተሼክ መንገድ ላይ፣ ውሃ እንደጠየቀችኝ ቀን። ደረቴ ውስጥ የሞላው ነገር አንድ ጣት ያህል ወረደ። ሳልዞር ደረጃውን ወረድኩ።